የሃይሉክስ ዲፈረንሻል ሲጮህ፦ ግቢ ውስጥ ፈትቶ መሥራት

ከ60 በላይ ስትነዳ ከኋላ «ዉዉዉ» የሚል ድምፅ ይመጣል። ነዳጅ ስትረግጥ ይጨምራል፣ ስትለቅ ይጠፋል ወይም ቃናውን ይቀይራል። መጀመሪያ ሬዲዮውን ከፍ ታደርጋለህ። ሁለት ወር በዚያ ታልፋለህ። ከዚያ ሬዲዮውም አይችለውም።

የእኔዋ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ የተሠራች ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ናት፣ ባለ 3ኤል ናፍጣ ሞተር። የኋላ ዲፈረንሻሏን (የሞተሩን ኃይል ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለውን የማርሽ ቤት) ሁለቴ ሠርቻለሁ፤ አንዴ ለማበላሸት፣ አንዴ ለማስተካከል። የመጀመሪያው ጊዜ አራቱንም ኩሽኔታ ቀየርኩ፣ ዘይት ሞላሁ፣ በኩራት ወጣሁ፤ ድምፁ ከበፊቱ ብሶ ጠበቀኝ። ኩሽኔታዎቹ ምንም አልነበራቸውም። የጮኸው ያልለካሁት ነገር ነበር። ለዚህ ነው ከዚህ በታች ከመፍታትና ከመግጠም ይልቅ ስለ መለካት የማወራው። መፍታቱን ማንም ይፈታዋል።

መጀመሪያ ጥፋተኛውን ለይ

ዲፈረንሻል አውርዶ ጥፋቱ የጎማ ሆኖ ያገኘ ሰው አውቃለሁ። ጥርሱ ትልልቅ የሆነ የጭቃ ጎማ አስፋልት ላይ ልክ እንደ ዲፈረንሻል ነው የሚጮኸው። ስለዚህ መጀመሪያ የፊትና የኋላ ጎማ አቀያይር፣ ወይም ከጓደኛህ ለአንድ ቀን ተዋስ። ሌላም ምልክት አለ፤ ከአስፋልት ወደ ኮረኮንች ስትገባ የጎማ ድምፅ ይቀየራል፣ የዲፈረንሻል ግን ያው ነው።

ከዚያ ለስላሳ መንገድ ፈልግ። እኔ የአዲስ አዳማን ፈጣን መንገድ ነው የምመርጠው፣ መንገዱ ራሱ ስለማይጮህ። ብቻህን አትሂድ። አንዱ ይንዳ፣ ሌላው ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ያዳምጥ። በ40፣ በ60፣ በ80 እየያዛችሁ አንዴ ነዳጅ ርገጡ፣ አንዴ ልቀቁ፣ አንዴ ደግሞ ፍጥነቱን ብቻ በሚይዝ መጠን ርገጡ።

ስትረግጥ ብቻ የሚያፏጭ ወይም ስትለቅ ብቻ የሚያፏጭ ከሆነ ነገሩ ከኮሮናና (ትልቁ ክብ ማርሽ) ከፒኞን (እሱን የሚያዞረው ትንሹ ማርሽ) ጥርስ አገጣጠም ወይም ከፒኞን ኩሽኔታ ነው። ብትረግጥም ብትለቅም ያው የሆነ ወፍራም ማጉረምረም ከሆነ የጎን ኩሽኔታዎችን (ኮሮናውን ግራና ቀኝ የያዙትን) ወይም የጎማ ኩሽኔታን ጠርጥር። መሪ ወደ ግራና ቀኝ ስትሰብር ድምፁ የሚጨምርና የሚቀንስ ከሆነ በአብዛኛው የጎማ ኩሽኔታ ነው፣ ዲፈረንሻሉን ሳትነካ ትገላገላለህ። ጠምዘዝ ስትል ብቻ የሚንቀጫቀጭ ከሆነ ውስጥ ያሉት ትናንሾቹ ማርሾች ናቸው፤ እነሱ ሁለቱ ጎማ እኩል ሲዞር ሥራ የላቸውም፣ ኩርባ ላይ ነው የሚሠሩት። ማርሽ ስታስገባ «ቋ!» የሚል ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ክሮቸራውን (ካርዳኑ፣ ማለትም ኃይሉን ወደ ኋላ የሚወስደው ረጅም ዘንግ፣ የሚተጣጠፍበትን መገጣጠሚያ) ነቅንቅ።

የድምፁ ፍጥነትም ይናገራል። የኋላ ጎማህ 1 ጊዜ ሲዞር ፒኞኑ ከ4 ጊዜ በላይ ይዞራል (የእኔ ኮሮና 41 ጥርስ፣ ፒኞኑ 10 ነው)። ስለዚህ የፒኞን ኩሽኔታ ቀጭንና ፈጣን ያፏጫል፣ የጎማ ኩሽኔታ ደግሞ ቀስ ብሎ ያጉረመርማል።

መጨረሻ ላይ ከሥር ግባ። መኪናዋ ቆማ፣ ካርዳኑ ዲፈረንሻሉ ላይ የሚታሰርበትን ፍላንጅ ይዘህ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቅ። ወደ ዙር ትንሽ መንቀሳቀሱ ጤና ነው። ወደ ላይ፣ ወደ ታች ወይም ወደ ውስጥና ወደ ውጪ ከተነቃነቀ ግን የፒኞን ኩሽኔታው አልቋል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ በዚህ ሁኔታ በነዳህ ቁጥር ኮሮናውን እየበላህ ነው።

መግዛት ያለብህንና የሌለብህን ወስን

አንድ እውነት አስቀድሜ ልንገርህ። ኩሽኔታው ላልቶ ለረጅም ጊዜ የተነዳ ኮሮናና ፒኞን ጥርሱ በተሳሳተ ቦታ ተበልቷል። አዲስ ኩሽኔታ አስገብተህ በትክክል ብትገጥመውም ጩኸቱ ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ ይችላል። ብረቱ የለመደው መንገድ አለ። ጥርሱ ላይ ጉድጓድ፣ ስንጥቅ ወይም በጥፍርህ የምትዳስሰው ደረጃ ካለ ኩሽኔታ ብቻ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው።

ኮሮናና ፒኞን ፋብሪካ ላይ አብረው ተፋጭተው የሚወጡ ጥንዶች ናቸው። አንዱን ከአንዱ መኪና፣ ሌላውን ከሌላው መኪና አውጥቶ መግጠም አይቻልም። ሶማሌ ተራ (የመኪና መለዋወጫ ገበያው) ሄደህ ፒኞን ለብቻው የሚሸጥልህ ሰው ካገኘህ አመስግነህ እለፍ።

ሙሉውን ያገለገለ ዲፈረንሻል መግዛትም አንድ መንገድ ነው፣ አላጣጥለውም። ግን ጥርሱን ራስህ ቁጠር። ሃይሉክስ በ39፣ በ41፣ በ43 ጥርስና በሌላም ቁጥር ይመጣል። መኪናህ የፊት ዲፈረንሻል ካላት የኋላው ከፊቱ ጋር እኩል መሆን አለበት፣ አለበለዚያ አስፋልት ላይ የፊቱን ያስገባህ ቀን ፊትና ኋላ ይጓተታሉ፣ የሚሰበረውን አንተ አትመርጥም።

ኩሽኔታ ስትገዛ ካርቶኑን አትመን። ታዋቂ የጃፓን ስም የተጻፈበት ካርቶን ውስጥ ሌላ ነገር አግኝቻለሁ። ብረቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ከአሮጌው ጋር አስተያይ፣ ጽሑፉ የደበዘዘ ወይም የተንጋደደ ከሆነ መልስ። የሚያስፈልጉህ 2 የፒኞን ኩሽኔታ፣ 2 የጎን ኩሽኔታ፣ የፒኞን ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው ጎማ)፣ የሁለቱ ሰሚያስ (ጎማዎቹን የሚያዞሩት ዘንጎች) ፓራኦሊዮ፣ ጓርኒሲዮን (በብረቶቹ መካከል የሚገባው ማሸጊያ)፣ አዲስ የፒኞን ዳዶ፣ እና በሁለቱ የፒኞን ኩሽኔታዎች መካከል የሚገባው የሚጨፈለቀው ቱቦ ናቸው። ይህ ቱቦ የአንድ ጊዜ ዕቃ ነው። ሁለት ግዛ። ለምን ሁለት እንዳልኩ ቆይተህ ትረዳለህ። ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ካለህ እሱን ማስቸገር የሚገባው ለዚህ ነው፣ ኪስ ውስጥ ይገባል።

ከመሣሪያ በኩል የግድ የምልህ ዳያል ጌጅ (ጥቃቅን እንቅስቃሴ የሚለካ ባለ መርፌ መለኪያ) ከማግኔት መቆሚያው ጋር፣ ማይክሮሜትር ወይም ጥሩ ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ)፣ እና ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያ ኃይል የሚለካ ቁልፍ) ነው። እነዚህን መከራየት ወይም መዋስ ይቻላል። እነዚህ ከሌሉህ አትጀምር። ቀሪው ተራ ነገር ነው፤ ክሪክ፣ የብረት ማቆሚያ፣ ሞርሳ፣ መዶሻ፣ የነሐስ ዘንግ፣ ማግኔት፣ የሻንጣ ሚዛን። አዎ፣ የሻንጣ ሚዛን።

ማውረድ

ሜዳ ቦታ አቁም። የፊት ጎማዎቹን በሁለቱም በኩል በጉቶ ያዝ፤ የኋላውን ስትፈታ የእጅ ፍሬን ዋጋ የለውም። በክሪክ አንሳና ሻንሲው ላይ ጠንካራ የብረት ማቆሚያ አድርግ። ድንጋይ ወይም ብሎኬት አይደለም። ብሎኬት ሲሰነጠቅ አይነግርህም።

ዘይቱን ከማፍሰስህ በፊት የመሙያውን ቡሎን ፍታ። ይህን ሁልጊዜ አድርግ። ከኋላ በኩል ያለው ዝጎ እምቢ ካለህ ገና ዘይትህ ውስጥ እያለ ነው ማወቅ ያለብህ፣ ባዶ አድርገህ መሙያው ካልተፈታ መኪናዋ እዚያው ትቆማለች። ከዚያ የታችኛውን ፍታና ዘይቱን ንጹሕ ሳፋ ላይ ተቀበል። በጣትህ እሸው። ግራጫ ዱቄት የመሰለ ትንሽ ብናኝ የተለመደ ነው። የሚያብለጨልጭ ቅርፊት ወይም ቁርጥራጭ ከሆነ ኩሽኔታ ወይም ጥርስ ተልጧል። ሻይ በወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቷል፤ ወንዝ ስትሻገር ነው ብለህ አስብ፣ ግን ዲፈረንሻሉ ላይ ያለውን መተንፈሻም እይ። እኔ ጋ በደረቅ ጭቃ ተደፍኖ ነበር። መተንፈሻው ሲደፈን የሞቀው አየር መውጫ ያጣና ዘይቱን በፓራኦሊዮው በኩል ይገፋዋል።

የካርዳኑን ፍላንጅና የዲፈረንሻሉን ፍላንጅ በአንድ መስመር ምልክት አድርግባቸው፣ 4ቱን ቡሎኖች ፍታና ካርዳኑን ወደ ጎን በገመድ እሰር። ጎማዎቹንና የፍሬን ታምቡሩን አውጣ። የፍሬን ዘይት ቱቦውንና የእጅ ፍሬን ገመዱን አላቅ፣ የቱቦውን አፍ በንጹሕ ነገር ድፈን። ከዚያ የፍሬኑን ሳህን የያዙትን 4 ዳዶዎች ፈትተህ ሰሚያሱን ከነሳህኑ ወደ ውጪ ሳብ። ሙሉ በሙሉ ማውጣት የለብህም፣ ከዲፈረንሻሉ ጥርስ እስኪላቀቅ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ይበቃል፤ ግን ፓራኦሊዮውን የምትቀይር ከሆነ አውጣው።

አሁን ዲፈረንሻሉን ዙሪያውን የያዙትን ዳዶዎች ፍታ። ጓርኒሲዮኑ አጣብቆ ይይዘዋል፣ በእንጨት መታ መታ አድርገው። ሲላቀቅ ብቻህን አትሸከመው። ከ30 ኪሎ በላይ ብረት ነው፣ ከሥር ተኝተህ ደረትህ ላይ ብትቀበለው ቅዳሜህ ሌላ ቦታ ነው የሚያልቀው። ክሪኩ ላይ ጣውላ አድርገህ አውርድ።

ከመፍታትህ በፊት ለካ

የመጀመሪያ ጊዜ የተሳሳትኩት እዚህ ነው። ዲፈረንሻሉ ጠረጴዛ ላይ ወጣ፣ እኔ ቁልፍ አነሳሁ። ቁልፉን አስቀምጥ።

በናፍጣ እጠበው፣ በቤንዚን አይደለም፣ ግቢህን ማቃጠል ካልፈለግህ በቀር። ካደረቅኸው በኋላ ዳያል ጌጁን የኮሮናው ጥርስ ላይ አሳርፈህ፣ ፒኞኑን ያዝና ኮሮናውን ወዲያ ወዲህ አንቀሳቅስ። ይህ የጥርስ ክፍተት ነው። ለዚህ ዲፈረንሻል ከ0.13 እስከ 0.18 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ዙሪያውን 4 ቦታ ለካና ጻፍ። ከዚያ ጌጁን የኮሮናው ጀርባ ላይ አድርገህ አዙር፤ መወላገዱ 0.1 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ኮሮናው ወይም የተቀመጠበት ቤት ችግር አለው። ቀጥሎ ጥርሶቹን ቀለም ቀብተህ አገጣጠሙን እይ (ቀለሙ እንዴት እንደሚነበብ ወደ ታች አለ)፣ በስልክህ ፎቶ አንሳ። ይህ ፎቶ በኋላ ስትገጥም የምትመለስበት ካርታ ነው፣ በተለይ አሮጌውን ኮሮናና ፒኞን መልሰህ የምትጠቀም ከሆነ።

የጎን ኩሽኔታዎቹን የያዙትን ሁለት ክዳኖች በነጥብ መምቻ ምልክት አድርግ፤ ግራው አንድ ነጥብ፣ ቀኙ ሁለት። ክዳኖቹ ከቤታቸው ጋር አብረው ስለተሞረዱ መቀያየር የለባቸውም። ከጎን ኩሽኔታዎቹ ውጪ ያሉትን የማስተካከያ ቀለበቶች ጥርስም ቁጠርና ጻፍ። ከዚያ ፍታ።

የፒኞኑ ዳዶ ተደቁሶ የተቆለፈ ነው፣ መጀመሪያ የተደቆሰውን አንሳ። ፍላንጁ እንዳይዞር 1 ሜትር ያህል የሆነ ጠፍጣፋ ብረት ላይ ሁለት ቀዳዳ አስበስተህ እሰርበት። ይህን ብረት አትጣለው፣ ስትገጥምም ታለቅሳለህ ከሌለህ።

ስፔሶሩን ለቆራሌው አትስጥ

ፒኞኑ ሲወጣ ከጭንቅላቱ ጀርባ ትልቁ ኩሽኔታ ተጭኖበታል። በኩሽኔታውና በፒኞኑ ጭንቅላት መካከል ቀጭን የብረት ቀለበት አለ፤ ስፔሶር። ከ2 ሚሊ ሜትር ብዙ የማይርቅ ተራ ቀለበት ነው የሚመስለው። የዲፈረንሻሉ ድምፅ ግን እሱ ላይ ነው የተንጠለጠለው፣ ምክንያቱም ፒኞኑ ወደ ኮሮናው ምን ያህል እንደሚገባ የሚወስነው እሱ ነው። ቶዮታ ስፔሶሮቹን የሚያወጣቸው በ0.03 ሚሊ ሜትር እየለያየ ነው። ከዚህ መገመት ትችላለህ።

እኔ ኩሽኔታውን ቶርኖ ቤት (ብረት የሚቆርጡና የሚሞርዱበት) ወስጄ አስወለቅኩ። ስፔሶሩ በዘይት ተጣብቆ ከኩሽኔታው ጋር ወጣ። አሮጌ ብረቶቹን በሙሉ ጆንያ ውስጥ ከተትኩ፣ በማግስቱ ቆራሌው ሲመጣ ሸጥኩለት። ሦስት ቀን ቆይቼ ስገጥም ቀለበቷ የለችም። ገበያ ሄጄ «እንደዚህ ያለች» ብዬ በእጄ አሳይቼ ገዛሁ። ለዓይን አንድ ናት።

ድምፁ ብሶ ሲመጣ ሰፈራችን ያሉ አንድ አንጋፋ መካኒክ ዘንድ ሄድኩ። ሳያዩት ጠየቁኝ።

«ስፔሶሩን ለክተኸዋል?»

«ጋሼ፣ አዲስ ነው የገዛሁት።»

«አዲስ ነው ወይ አላልኩህም። ለክተኸዋል ወይ ነው ያልኩህ።»

በኋላ ሲለካ የገዛሁት 0.2 ሚሊ ሜትር ይቀጥናል። ሦስት የራስ ጸጉር ብትደራርብ ያህላል። ያ ነው ከኋላዬ እየጮኸ ሁለት ሳምንት የተከተለኝ።

ስለዚህ ቶርኖ ቤት ስትወስደው አብረህ ቁም። ቀለበቷ ስትወጣ ጥረግ፣ በማይክሮሜትር 4 ቦታ ለካ፣ ቁጥሩን ጻፍ፣ ቀለበቷን በሽቦ አስረህ ስቀላት። አሮጌውን ኮሮናና ፒኞን የምትመልስ ከሆነ ያችኑ ቀለበት ነው መጀመሪያ የምትሞክረው። አዲስ ጥንድ ከሆነ ያቺ መነሻ ናት እንጂ መድረሻ አይደለችም፣ ስለዚህ ውፍረታቸው የተለያየ ሌሎች ስፔሶሮች ያስፈልጉሃል።

ኩሽኔታ መግጠም

በቤቱ ውስጥ የቀሩትን የኩሽኔታ ውጫዊ ቀለበቶች ከውስጥ ባለው ክፍተት የነሐስ ዘንግ አስገብተህ፣ አንዴ ከዚህ አንዴ ከዚያ እየመታህ አውጣ። አንድ ጎን ብቻ ከመታህ ይነክሳል፣ ቤቱን ይቧጭራል። አዲሱን ስታስገባ አሮጌውን ቀለበት ዙሪያውን በሞላ ትንሽ አስሞርደህ እንደ መምቻ ተጠቀምበት። ቁጭ ሲል የመዶሻው ድምፅ ይቀየራል፣ ከ«ዷ» ወደ «ቅል»። ከዚያ በቀጭን ነገር ክፍተት እንደሌለው አረጋግጥ።

ፒኞኑ ላይ የሚገባው ኩሽኔታ ነው ትዕግሥት የሚፈትነው። ስፔሶር መቀየር ቢያስፈልግህ በየጊዜው ቶርኖ ቤት ወስደህ ማስወለቅ አለብህ፣ ሲወልቅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይበላሻል። መፍትሔው ይኸውልህ፤ አሮጌው ኩሽኔታ ብዙ ካልተበላ የውስጥ ቀዳዳውን በብርጭቆ ወረቀት ሞርደህ በእጅ የሚገባና የሚወጣ አድርገው። ልኩን በእሱ ፈልግ። ልክ ስታገኝ አዲሱን በፕሬስ አስገባ። አሮጌና አዲስ ኩሽኔታ ትንሽ ሊለያዩ ስለሚችሉ አዲሱ ከገባ በኋላ ቀለሙን እንደገና ማየት ግዴታ ነው።

ኮሮና የምትቀይር ከሆነ አዲሱን ኮሮና በፈላ ውሃ አሙቀው፣ ትንሽ ሰፍቶ በቀላሉ ይቀመጣል። ማኑዋሉ 100 ዲግሪ ይላል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው፣ ግን ይሠራል፣ ፍጠን ብቻ። የወጥ ድስት እንዳትጠቀም፤ እኔ ምክንያቱን አውቃለሁ። ቡሎኖቹን ኮሮናው ሲቀዘቅዝ፣ በመስቀል ቅደም ተከተል፣ ቀስ በቀስ እስከ 97 ኒውተን ሜትር አጥብቅ። አሮጌውን የምትተው ከሆነ ግን አትፍታው። ያልተበላሸ ነገር ምን አነካካህ።

እግረ መንገድህን ውስጥ ያሉትን ትናንሽ ማርሾች ጀርባ እይ። በጀርባቸው ያሉት ሮንዴላዎች ከተበሉ ቀይራቸው፣ ማርሽ ስታስገባ የሚመጣውን «ቋ» የሚያመጡት እነሱም ናቸው።

ፒኞኑን ማጥበቅ

መጀመሪያ ያለ አዲሱ ቱቦና ያለ ፓራኦሊዮ ግጠምና ዳዶውን ቀስ ብለህ እያጠበቅህ ፒኞኑ በቀላል ክብደት የሚዞርበት ደረጃ ላይ አቁም። ይህ ለሙከራ ብቻ ነው። ከዚህ በታች ያለውን የክፍተትና የቀለም ሥራ በዚህ ሁኔታ ጨርስ። ስፔሶሩ ትክክል መሆኑን ሳታውቅ አዲሱን ቱቦ አትጨፍልቅ።

የመጨረሻው ጊዜ ሲደርስ አዲሱን ቱቦ፣ ፓራኦሊዮውንና ፍላንጁን ግጠም። ቱቦው መጨፍለቅ እንዲጀምር ከ200 ኒውተን ሜትር በላይ ኃይል ይጠይቃል። በ1 ሜትር የቁልፍ ማራዘሚያ ከ20 ኪሎ በላይ መጫን ማለት ነው። ለረጅም ጊዜ ምንም አይንቀሳቀስም፣ ላብህ ይንጠባጠባል፣ ከዚያ ድንገት መሄድ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ በጣም ጥቂት ብቻ አዙር፣ ለካ፣ እንደገና ትንሽ አዙር፣ ለካ።

የሻንጣ ሚዛኗ የምትገባው አሁን ነው። ፍላንጁ ላይ ገመድ ጠምጥም፣ ጫፉን በሚዛኗ ሳብ፣ ፒኞኑ መዞር ሲጀምር የምታሳየውን አንብብ። ለአዲስ ኩሽኔታ የሚፈለገው 20 ኪሎ-ሴንቲሜትር ገደማ ነው፣ ለአገለገለ ኩሽኔታ የዚያ ግማሽ። ገመዱ ያረፈበት ቦታ ከመሃል 5 ሳንቲሜትር ከራቀ 4 ኪሎ ማንበብ አለባት ማለት ነው፣ 4 ሲባዛ በ5፣ 20። የራስህን ሞዴል ትክክለኛ ቁጥር ማኑዋል ላይ እይ። ከመለካትህ በፊት ኩሽኔታው ዘይት ይቀባ፣ ብዙ ዙር አዙረው።

ካሳለፍከው ዳዶውን መልሰህ አታላላ። ቱቦው ተጨፍልቋል፣ አይነሣም። ቁጥሩ ልክ ቢመስልህም ኩሽኔታው ውስጥ የሚይዘው ነገር የለም፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ ላልቶ ታገኘዋለህ። ፈትተህ ሁለተኛውን ቱቦ አስገባ። ሁለት ግዛ ያልኩህ ለዚህ ነው፤ እኔ አንድ ብቻ ገዝቼ እሁድ ከሰዓት፣ ሱቅ ሁሉ ተዘግቶ፣ 28 ኪሎ-ሴንቲሜትር አንብቤ ቁጭ ብያለሁ።

ክፍተቱና ቀለሙ

ኮሮናውን ከነቤቱ አስቀምጥ፣ ክዳኖቹን በየምልክታቸው ግጠም፣ ቡሎኖቹን ለጊዜው በእጅ ያህል ብቻ አጥብቅ። የማስተካከያ ቀለበቶቹ ኮሮናውን ግራና ቀኝ ይገፋሉ። ከኮሮናው ጀርባ ያለውን ስታጠብቅ ኮሮናው ወደ ፒኞን ይጠጋል፣ ክፍተቱ ይጠባል። አንዱን 1 ጥርስ ስታላላ ሌላውን 1 ጥርስ አጥብቅ። እንዲህ እያልክ ወደ 0.15 ሚሊ ሜትር አምጣው። ከዚያ ኩሽኔታዎቹ ውስጥ ምንም ልቅነት ከሌለበት ነጥብ ላይ ተነሥተህ ከ1 እስከ 1 ከግማሽ ጥርስ ተጨማሪ አጥብቅ፣ ይህ የጎን ኩሽኔታዎቹን የሚይዛቸው ውጥረት ነው። ክዳኖቹን 80 ኒውተን ሜትር ገደማ አጥብቅና ክፍተቱን ዙሪያውን እንደገና ለካ። ሁልጊዜ ይቀየራል። ተመለስና አስተካክል።

አሁን ቀለም። ለዚሁ የተሠራ ቅባት ከሌለህ የሠዓሊ የዘይት ቀለም፣ ቢጫው፣ በጣም ጥሩ ነው። ሦስት አራት ጥርስ ላይ በሁለቱም ፊት ስስ አድርገህ ቀባ። ኮሮናውን በእንጨት ትንሽ እየያዝክ (ጭነት እንዲኖረው) ፒኞኑን ወደ ሁለቱም አቅጣጫ አዙር። ፒኞኑ የነካው ቦታ ቀለሙ ይገፋል፣ እንደ ጣት አሻራ ይታያል።

የምትፈልገው አሻራው ከጥርሱ ከፍታ መሃል ላይ፣ በርዝመቱም መሃል አካባቢ፣ ወደ ውስጠኛው ጫፍ ትንሽ ቢያዘነብል ችግር በሌለበት ቦታ እንዲሆን ነው። ወደ ጥርሱ አናት ከወጣ ፒኞኑ ሩቅ ነው፣ ወፍራም ስፔሶር ያስፈልገዋል። ወደ ጥርሱ ሥር ከወረደ ፒኞኑ በጣም ገብቷል፣ ቀጭን ስፔሶር። ከፍታው ልክ ሆኖ ወደ ውጪኛው ሰፊ ጫፍ ወይም ወደ ውስጠኛው ጠባብ ጫፍ ከሸሸ ደግሞ ነገሩ የስፔሶር ሳይሆን የክፍተት ነው፤ ወደ ውጪ ከሸሸ ኮሮናውን አስጠጋ፣ ወደ ውስጥ ከሸሸ አርቅ፣ ከ0.13 እና ከ0.18 ሳትወጣ። ስፔሶር በቀየርክ ቁጥር ክፍተቱ ይፈርሳል፣ እሱንም ከመጀመሪያ ታስተካክላለህ። አሰልቺ ነው። እኔ ሁለተኛው ጊዜ አምስት ዙር ፈጅቶብኛል፣ አምስተኛው ላይ አሻራው መሃል ላይ ቁጭ ሲል ጎረቤት ጠርቼ አሳየሁት። ጎረቤቱ ምንም አልገባውም፣ ግን «ጎሽ» ብሎኛል።

አሮጌ ጥንድ ከሆነ አሻራው እንደ መጽሐፍ አያምርም። ከመፍታትህ በፊት ያነሣኸውን ፎቶ አውጣና አስተያይ። ወደ ድሮ ቦታው መመለስ ነው ዓላማህ፣ ጥርሱ አብሮ ያለቀው እዚያ ነውና።

መልሶ መግጠምና የመጀመሪያው መንገድ

የማስተካከያ ቀለበቶቹን መቆለፊያ እሰር፣ የፒኞኑን ዳዶ ደቁሰህ ቆልፍ። የዲፈረንሻሉን ትልቅ ቤት ውስጡን በናፍጣ እጠብ፣ ሥሩን በማግኔት ፈልግ፣ አንዲት የብረት ቁራጭ ብትቀር ሥራህን ሁሉ ታፈርሳለች። መተንፈሻውን አጽዳ። አዲስ ጓርኒሲዮን አድርገህ ዲፈረንሻሉን በክሪክ መልሰህ ስቀል። ሰሚያሶቹን ስትመልስ ፓራኦሊዮውን እንዳትቀድ ከፍ አድርገህ ይዘህ አስገባ። ፍሬኑን አየር አስወጣ። ካርዳኑን ምልክቱን አገናኝተህ እሰር።

ዘይቱ ጂኤል-5 የተጻፈበት 80ደብሊው-90 ይሁን። ጂኤል-4 የካምቢዮ ነው፣ እዚህ አይበቃም፤ የኮሮናና የፒኞን ጥርስ እየተንሸራተተ ስለሚፋጭ ጠንካራውን ይፈልጋል። መኪናዋ ሜዳ ላይ ቆማ ከመሙያው ቀዳዳ ዘይቱ መፍሰስ እስኪጀምር ሙላ።

መጀመሪያ ጎማዎቹ አየር ላይ እንዳሉ በ1ኛ ማርሽ ቀስ ብለህ አዙርና አዳምጥ። ከዚያ ወርዳ ሰፈር ውስጥ ለ15 ደቂቃ ያህል በዝግታ ንዳ፣ አቁም፣ ዲፈረንሻሉን ንካ። መሞቁ ደህና ነው። እጅህን ማሳረፍ የማይቻልህ ከሆነ የፒኞኑ ውጥረት በዝቷል፣ አቁመህ ፈትሽ። ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ እንደገና ውጣ። አዲስ ኮሮናና ፒኞን ካስገባህ እስከ 800 ኪሎ ሜትር ጭነትም ሆነ ተጎታች አትሞክር፣ 800 ላይ ዘይቱን አፍስስና ቀይር። የሚወጣው ዘይት ግራጫ ሆኖ ብታየው አትደንግጥ።

እኔ ሁለተኛውን ጊዜ ከጨረስኩ በኋላ ያንኑ ፈጣን መንገድ ወጣሁ፣ ያው ጓደኛዬ ከኋላ ተቀምጦ። 60፣ 80፣ ርግጥ፣ ልቀቅ። ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ «የግራ በር ጎማ አየር ያስገባል መሰለኝ፣ ፉጨት አለ» አለኝ።